አሥራ ሁለተኛዋ ልጅ

ሳይራጉል ከመንደሯ እስከ ናሪን ከተማ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አብራት የመጣችው አክስቷ ባትማ መታገስ አቃታት።

«ፊትሽ ምነው አመድ መሰለ? የሚሰቅሉሽ እኮ አይደለም። ትንሽ ታስተምሪያለሽ፣ ያዩሻል፣ በቃ።»

«ልጆች ይኖራሉ ብለዋል፣ አክስቴ። ትንንሽ ልጆች።»

«ታዲያ በግ ልታስተምሪ ነበር?»

የመምህራን ተቋሙ ዘንድሮ አዲስ ነገር ጨምሯል። የጽሑፍ ፈተናውን ያለፈ ሁሉ በአቅራቢያው ካለ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆችን ሩብ ሰዓት ያስተምራል፤ ሁለት ፈታኞች ከኋላ ተቀምጠው ያያሉ። ሳይራጉል ጽሑፉን ያለፈችው ሳትቸገር ነው። ያቺ ሩብ ሰዓት ግን ወር ሙሉ እንቅልፍ ነሥታታለች።

ምክንያቱን ለማንም ነግራ አታውቅም። ከሰባት ዓመት በፊት፣ እሷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ፣ የመንደሩ መምህር ለምድጃው ከሰል ሊያመጡ ሲወጡ «አንደኛ ክፍሎችን ያዢልኝ» ብለዋት ነበር። ጥር ነው፤ ውጭ በረዶው ከነፋስ ጋር ይጋረፋል። ሰሌዳው ፊት ቆማ ቁጥር ስትጽፍ፣ ልጆቹም ተከትለዋት ሲጮኹ፣ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። የአጎቷ ልጅ ካሊፓ፣ የስድስት ዓመቷ፣ ግቢ ውስጥ የጣለችውን ጓንት ልትፈልግ ወጣች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከበጎቹ በረት ጀርባ አገኟት። ነፍሷ ተረፈች፤ ከግራ እጇ ብርድ የገደለው ሦስት ጣት ተቆረጠ። ሳይራጉልን የወቀሳት ሰው የለም። «አላየችም፣ ልጅ ናት» አሉ። እሷ ግን ስትወጣ አይታታለች። አይታ ወደ ሰሌዳዋ ተመለሰች።

ተራዋ ደርሶ ስሟ ተጠራ። ፈታኞቹ መምህርት ሱዩምካን የሚባሉ ሽበታም ሴትዮና ኩባት የሚባል ወጣት መምህር ነበሩ። ከፊታቸው ልጆች ተደርድረዋል። ሳይራጉል ሰላም ከማለቷ በፊት ቆጠረቻቸው፤ አሥራ ሁለት። ለየልጁ ሕፃናት የሚጫወቱበትን የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት አደለችና መቀነስ ማስተማር ጀመረች። መጀመሪያ ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አንዱ ልጅ ሳቀ፣ ሌላዋ ቀድማ መለሰች፣ ሳይራጉልም ወደ ሰሌዳው ዞራ ጻፈች። ያ የድሮው ደስታ ሽቅብ መጣባት።

ዞር ስትል አሥራ አንድ ናቸው።

በላብ የራሰችው ጠመኔ ከእጇ ወደቀች። «እዚህ የነበረችው የት ሄደች?»

«ኤሊዛ ወጣች» አለ አንዱ።

«ትመጣለች፣ ቀጥዪ» አለ ኩባት ሰዓቱን እያየ። «ሰባት ደቂቃ ይቀርሻል። ካቋረጥሽ ነጥቡ የለም።»

ከተቋሙ ጀርባ ወንዙ አለ፤ በሐምሌ ከተራራው የቀለጠ በረዶ ሞልቶት ጩኸቱ ክፍሉ ድረስ ይሰማል። ሳይራጉል ልሂድ ብላ አሰበች፤ አሥራ አንዱን ግን ከዓይኗ ልታርቅ አልቻለችም።

«እጅ ለእጅ ተያያዙ። ማንም ማንንም እንዳይለቅ» አለቻቸውና ይዛቸው ወጣች።

ኮሪደሩ ባዶ ነው። መጸዳጃ ቤቱም ባዶ። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። በዚያ ሲወጡ ኤሊዛ ከወንዙ ዳር፣ የረጠበ የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብላ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራለች። ሳይራጉል ጩኸቷን ዋጠችው፤ ልጅቷ ከደነገጠች ትንሸራተታለች። ሌሎቹን ሣሩ ላይ አስቀምጣ «እስከ ሃምሳ ቁጠሩልኝ፣ ቀስ ብላችሁ» አለችና ብቻዋን ተራመደች። ቆጠራቸው ከኋላ ይሰማታል። አሥራ ስድስት ላይ ደረሰች፣ አጎነበሰች፣ የልጅቷን ክንድ ጨብጣ ወደ ራሷ ሳበቻት።

«ቀለም ነክቶኝ ነው» አለች ኤሊዛ። «ይቆጡኛል ብዬ።»

ሳይራጉል እዚያው ቁጭ አለች።

ከኋላቸው ተከትለው የወጡት መምህርት ሱዩምካን ልጆቹን ወደ ክፍል አስገቡና ተመልሰው አጠገቧ ቆሙ። «የሌላው ሰው መንቀጥቀጥ እንዲህ አይደለም። ምን ደርሶብሽ ነው?»

ነገረቻቸው። ማየቷን ጭምር።

«ታዲያ ለምን መጣሽ? ሌላ ሥራ ሞልቶ የለም?»

«ሰሌዳ ፊት ስቆም ደስ ይለኛል። የሚያስፈራኝም እሱው ነው።»

ሴትዮዋ እጇን ይዘው አስነሷት።

በሦስተኛው ቀን የተቀባዮች ስም ዝርዝር ተለጠፈ። ከሃያ አምስቱ ሃያ አራተኛ እሷ ናት፤ ላቋረጠችው ትምህርት መምህርት ሱዩምካን ነጥብ ሰጥተዋታል። ባትማ አቅፋ ሳመቻት፣ ለመንደሩ ሁሉ ስልክ መደወል ጀመረች። ሳይራጉል ግን ስሟን ደጋግማ እያነበበች ታሰላለች። አራት ዓመት ተምራ ስትጨርስ ፊቷ የሚቀመጡት አሥራ ሁለት ብቻ አይሆኑም፤ ሠላሳ ናቸው፣ በየቀኑ።

መንደር ስትደርስ ካሊፓን ከቤቱ ጀርባ እርጎ ስትንጥ አገኘቻት። አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ መናጫውን በግራ እጇ ሁለት ጣት ደግፋ ይዛዋለች።

«ካሊፓ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቀን ስትወጪ...»

«አይተሽኝ ነበር» አለች ካሊፓ ሥራዋን ሳታቆም። «እኔም አይቼሽ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን እኮ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«መጀመሪያ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። ኋላ ጠብቄ ጠብቄ ተናደድኩ። ከዚያ ደከመኝ።»

ሳይራጉል ይቅር በይኝ አለች፤ ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም።

«እስቲ ያዢ» አለች ካሊፓ መናጫውን ወደ እሷ እየገፋች። «እጄ ዝሏል። መቼ ነው የምትሄጂው?»

«በነሐሴ መጨረሻ።»

«ፈርተሻል?»

«በጣም።»

ካሊፓ አንገቷን ነቀነቀችና እንጨት ልታመጣ ሄደች። ሳይራጉል እርጎውን እየናጠች፣ ካሊፓ የቤቱን ማዕዘን ዞራ እስክትመለስ ድረስ ዓይኗን ከዚያ አልነቀለችም።