ንዎሱ ነጭ አይወድም

«ነጭ እምነበረድ? ለአባባ? አብደሃል እንዴ?» አለች ኦሉቺ፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ታናሽ ወንድሟ ኬኔ ከሌጎስ ያስጫነው እምነበረድ በር ላይ ተደርድሯል። አባታቸው ንዎሱ ትናንት ግቢው ውስጥ ተቀብሮ፣ ዛሬ ዳሱ በከበሮና በዘንባባ ጠጅ ቀውጢ ሆኗል። ጠግቦ ኖሮ፣ የልጅ ልጅ ስሞ፣ በእንቅልፉ ለሄደ ሽማግሌ በኢግቦ አገር ይጨፈርለታል እንጂ እዬዬ አይባልም።

«እትዬ፣ የአባቴ መቃብር ከሩቅ እንዲታይ ነው የምፈልገው።»

«እሱ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ከሩቅ እንዳንታይ ሲደብቀን የኖረ ሰው ነው። እዚያ ሥር እንዴት ይተኛል?»

ኢግቦዎች እንገንጠል ባሉበት ጦርነት ጊዜ በመንደራቸው ጥግ የሚያልፈው አስፋልት የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሆኖ ነበር። ጥይቱም፣ ለተራበ ሕፃን የሚሆነው ወተትም የሚወርደው እዚያ ነው። ንዎሱ ያኔ ዘንባባ ላይ እየወጣ ጠጅ የሚቀዳ ጎረምሳ ስለነበር፣ ማለዳ ማለዳ ቅጠል እየቆረጠ አስፋልቱን የሚያለብሰው እሱ ሆነ። ቦምብ ጣዩ ከላይ ሲያይ ጫካ እንዲመስለው ነው። ነጭ ነገር ደጅ ማስጣትማ አይታሰብም።

ጦርነቱ አለቀ፣ ማረፊያውም ተመልሶ መንገድ ሆነ፤ አመሉ ግን ከንዎሱ ጋር ቀረ። አውሮፕላን በሰማ ቁጥር ያገኘውን ነጭ ነገር ሁሉ ዘንባባ ያለብሳል፤ የተሰጣ አንሶላም ይሁን የቄሱ መኪና።

«የኔን ፍየል ረሳችሁ?» አለ ማዚ ኡዴ፣ በጦርነቱ ከንዎሱ ጋር ቅጠል ሲሸከም የነበረው ጓደኛው። «ያቺን ነጭ ፍየሌን ጥላሸት ቀባብቶ ለቀቃት። ሚስቴ የማን ፍየል ናት ብላ በዱላ አባረረቻት፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ኦሉቺም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አባቷ እሷንም አልማራትም። በሠርጓ ቀን ነጭ ቬሎዋን ለብሳ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አውሮፕላን አለፈ። አባቷ ያን ሁሉ እድምተኛ ገፍቶ መጥቶ፣ ከሠርጉ ዳስ የነቀለውን ዘንባባ ከነያዘችው አበባ ላይዋ ላይ ደፋባት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን ጆሮዋ ሥር «ዝም በይ ልጄ፣ አሁን ያልፋል» ሲላት ሰማች። ያኔ እናቷ ስለ ጦርነቱ የነገረቻት ሁሉ ገባት። ኦሉቺ ሳሎኗ የሰቀለችው የሠርግ ፎቶ ያ ነው፤ ሙሽራዋ አትታይም፣ ቅጠል ብቻ።

የእምነበረዱ ክርክር ሽማግሌዎች ዘንድ ሲደርስ ግን ለወንዱ ፈረዱ። «ልጁ ካለ አለ ነው፤ ደግሞ ያምራል» አሏት። ከሰዓት በኋላ እምነበረዱ ተነጥፎ አለቀ። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋ ነበር። ኦሉቺ ተናዳ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።

ጭፈራው ደርቶ፣ ኬኔ ነጭ ጥልፍ ልብሱን ለብሶ መሃል ገብቶ ሲወዛወዝ፣ ከወደ ኦዌሪ ከተማ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። ማንም ቀና አላለም።

ኦሉቺ ብድግ ልትል ስትል ኬኔ ቀደማት። ጭፈራውን ትቶ ሮጠ፤ ከዳሱ ጣሪያ አንድ ዘንባባ መዥርጦ መቃብሩ ላይ ጣለ። ሌላ መዘዘ፣ ሌላ ደገመ። እንደ ብርድ ልብስ ዳርና ዳሩን አስተካከለው። ከዚያ ምን እንዳደረገ ገባውና እዚያው ተንበርክኮ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከበሮው ቆመ።

ኦሉቺ እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ፣ አንድ ዘንባባ ነቅላ ሄደች፤ የወንድሟን ነጭ ልብስ ከትከሻው ጀምራ አለበሰችው።

«ዝም በል ወንድሜ» አለችው ጎንበስ ብላ፣ «አሁን ያልፋል።»