ሽምብራና ጣዖት

በፈረንጆቹ 1996 ማብቂያ ሲያትል ላይ በረዶ ወረደ። አውቶቡስ ቆመ። ብዙነህ የሚሠራበት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱክዊላ ያለው መጋዘን ሠራተኛ ቀነሰ፤ እሱም ቤት ዋለ። ጉልበቱ አበጠ። ሚስቱ ባየሽ ብቻዋን፣ የሰው ሽማግሌ እየጦረች ኪራዩን ቻለች።

ሥራ የፈታ ሰው ያነባል። ብዙነህ ሕዝቅኤል ላይ ሲደርስ ጣዖታቸውን በልባቸው ያኖሩ ሽማግሌዎች አገኘ። ነገሩ ከነከነው። የድንጋዩስ ይታያል፤ የልቡ ጣዖት በምን ይታወቃል?

መላ መታ። ሦስት ስኒ ደረደረ፦ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለጉልበቱ፣ አንዱ ለሌላ ለሌላው። በጸሎት መሐል ሐሳቡ በኮበለለ ቁጥር፣ ወደ ሄደበት ስኒ አንዲት ሽምብራ ይጥላል። በሳምንቱ ሁለቱ ስኒዎች ታቻቸው እንኳ አልተሸፈነም። ሦስተኛው ግን ሞልቶ ፈሰሰ።

"ሽምብራዬን ጨረስከው እኮ! ዘንድሮ ሽሮ በጸሎት ልንበላ ነው?" አለች ባየሽ።

"ጣዖቴን እየፈለግሁ ነው።"

"ታዲያ ይኼ የሞላው ማነው?"

ብዙነህ ስኒውን ወደ ራሱ ሳበ።

"ልንገርህ? ጓደኛህ ገብረሂወት ነው። ለኤርትራ ሪፈረንደም ድምፅ ሰጠ ብለህ ያኮረፍከው። ወንድምህ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ አብሮህ አልተቀመጠም? የእሱ እናት ሲሞቱ አንተ የት ነበርክ?"

ብዙነህ ሽምብራዎቹን መዳፉ ላይ አፍስሶ አያቸው። ጣዖት የሚወዱት ነገር ብቻ ይመስለው ነበር። ለካ ቂምም ይሰገድለታል። በእያንዳንዷ ፍሬ ከሰውየው ጋር ተሟግቶ ነበር፤ በእያንዳንዷም ለራሱ ፈርዷል።

በማግሥቱ ነጠላውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቆ ዳግም በጀመረው አውቶቡስ ገብረሂወት ወደሚኖርበት ቢከን ሂል ወጣ። በሩን የከፈተችው የገብረሂወት ሚስት ከብረት ስታየው ደረቷን ያዘች።

"በስመአብ! ማን ሞተ?"

"አማትሽ።"

"እሳቸው ካረፉ ሦስት ዓመት አለፋቸው እኮ!"

"አውቃለሁ።"

ገብረሂወት ከኋላዋ ብቅ አለ። ነጠላውን ዐይቶ፣ "በእግርህ ነው እንዴ የመጣኸው?" አለ።

"አውቶቡሱ ዘገየብኝ።"

ገብረሂወት አልሳቀም። ወንበር ሳበለት። ብዙነህ ግን ያበጠ ጉልበቱን እንደ ምንም አጥፎ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

"እግዚአብሔር ያጽናህ። የለቅሶ ብድር ነበረብኝ።"

"አሜን፣ ያጽናን" አለ ገብረሂወት። ወንበሩን መለሰና ራሱም ወርዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ እናቱ እንዴት እንዳረፉ ከመጀመሪያው ይነግረው ጀመር።