ሁለት መልስ ያለው ሰንጠረዥ

ባሌ ሞቶም አያርፍም። ሳህን ሳጥብ ከሥራ ክፍሉ ጉሮሮውን ሲጠርግ እሰማዋለሁ። ልጄ "እማዬ፣ ቧንቧው ነው" ትላለች። ሞኝሽን ፈልጊ አልኳት! ስንት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው ከቧንቧ መለየት ያቅተኛል እንዴ?

ለጋዜጣ የቁጥር እንቆቅልሽ ይሠራ ነበር። ሕጉን የማያውቅ የለም፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች በየረድፉ፣ በየዓምዱና በየትንንሹ ሳጥን አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። ለሠሪው ግን ሌላ ሕግ አለ፤ እንቆቅልሹ ከአንድ በላይ መልስ ሊኖረው አይገባም። የኔ ጉድ ታዲያ ሆን ብሎ ሁለት መልስ ላይ ያቆመው ነበር። አራት ባዶ ቦታዎች ይቀራሉ፤ ሁለት ቁጥሮች እንዲህም ቢገቡ እንዲያም ቢገቡ ሕጉ አይፈርስም። ያኔ ይጠራኛል።

"በይ እሜቴ፣ ፍረጂ!"

አንዷን ቁጥር እጽፍለታለሁ፤ መልሱ አንድ ይሆናል፣ ሥራውም ያልቃል። ከዘገየሁበት ጉሮሮውን ይጠርጋል።

የመጨረሻው ሰንጠረዥ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። የቀሩት ቁጥሮች አራትና ዘጠኝ ናቸው። አልነካሁትም። ከጻፍኩበት ያልቃል፤ ካለቀ ደግሞ እዚህ ቤት ምን ያቆየዋል?

ዛሬ ከሰዓት የጋዜጣው አዘጋጅ ደወለ።

"እትዬ፣ እንቆቅልሹ ዛሬ ካልደረሰን ቦታውን ኮምፒውተር ለሚሠራው ልንሰጠው ነው።"

"ሁለቱ ቁጥሮች አልተለዩም፤ እንዳለ ውሰዱት።"

"ሁለት መልስ አለው እኮ! አንባቢ ምን ይላል? አርጅቶ ተሳሳተ ነው የሚለው።"

ደሜ ፈላ። እሱ ነው የተሳሳተው? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የሱን ስም እኔ ላበላሸው ነው? ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ከክፍሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

"መጣሁ አልኩህ እኮ! ኧረ ምን ዓይነት ችኩል ነህ!" እያልኩ ገባሁ። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። እርሳሱን አነሳሁ። ፈራሁ፤ የፈራሁት ግን እሱን አይደለም፣ ከእሱ በኋላ ያለውን ቤት ነው።

ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ልጄ ወረቀቱን ይዛ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ሮጠች።

በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን አቀናሁ። አንዳች ድምፅ የለም። ጠራሁት፤ ዝም። ሰደብኩት፤ እሱም አልሠራም።

"እሺ፣ ሂድ እንግዲህ!" አልኩት ጮክ ብዬ።

ቆይ ልለው ነበር እኮ የፈለግኩት።