የግራው በር

ኑሪ የፖሊሽ ማሽኑን አጥፍቶ ከመኪናዋ ኮፈን ላይ ሲያነሳው፣ ነጭ የነበረው ስፖንጅ ደም ውስጥ የነከሩት ይመስል ቀልቶ ነበር። ጥግ ላይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያዩት የቆዩት ሽማግሌ ብድግ አሉ።

"ምን ሠራህ? ቀለሙን እኮ ላጥከው!"

"አይዞዎት ጋሽ ሐብታሙ፣ አልላጥኩትም።" ኑሪ ስፖንጁን አቀረበላቸው። "የድሮ ቀለም ነው። እንደ ዛሬዎቹ በላዩ መከላከያ የለውም። ይሄ የወጣው ፀሐይና ዝናብ የበላው፣ የሞተው ነው። ከሥሩ ያለውን ይዩት እስቲ።"

በደረቅ ጨርቅ ጠረገው። ኖራ እንደነካው ሁሉ ነጣ ብሎ በደበዘዘው ኮፈን መካከል ትሪ የሚያክል ቀይ ቦታ ብቅ አለ። የሱቁ ቆርቆሮ ጣሪያ ከነምሰሶው ታየበት። ጋሽ ሐብታሙ ጎንበስ ሲሉ የራሳቸው ፊት ከሥር መጣባቸው፤ ቶሎ ቀና አሉ።

"እንዲህ ነበረች" አሉ ቀስ ብለው። "ልክ እንዲህ።"

መኪናዋ ባለ ሁለት ወንበር የጣሊያን አልፋ ናት። ጋሽ ሐብታሙ በወጣትነታቸው በመካኒክነት ይሠሩበት የነበረ ጋራዥ ደንበኛ የሆነ ጣሊያናዊ፣ በአብዮቱ ሰሞን አገር ለቆ ሲሄድ በርካሽ የሸጠላቸው ናት። ቁስቋም ካለው ቤታቸው ጓሮ፣ ሸራ ለብሳ ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆማለች። ሸራው ሁለቴ ተቀይሯል፤ እሷ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ዘንድሮ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ጓሮው ሲለካ መነሳት ግድ ሆነባት። የብረት ነጋዴዎች መጥተው ዋጋ ሰጡ። የሕንፃ መሐንዲስ የሆነው ልጃቸው ቤዛብሕ ግን "አትሸጥም፤ ትሠራለች" አለ። ሞተሯን አንድ ጋራዥ ወስዶ አስነሳ፤ ቀለሟን ደግሞ ዊንጌት አጠገብ ሱቅ ላለው ለኑሪ ሰጠው።

ኑሪ ሙያውን የተማረው አረብ አገር፣ ሻርጃ ነው፤ ሰባት ዓመት የሰው መኪና ሲያብረቀርቅ ኖሮ ሱቁን ከከፈተ ገና ስምንት ወሩ ነው። አብዛኛው ሥራው ጭቃ የበላው ሚኒባስ ማጠብ ሆኖበታል። እንዲህ ያለች መኪና፣ ያውም ከፋብሪካ እንደወጣች አንድም ጊዜ ሌላ ቀለም ያልነካት፣ እጁ ገብታ አታውቅም። የጥንት መኪና ያላቸው ሰዎች እሑድ እሑድ ተሰብስበው መኪኖቻቸውን እንደሚያሳዩ ያውቃል። ቤዛብሕም ለመጪው እሑድ ይዟት ሊሄድ ተስማምቷል። ኑሪ ከዚያ በኋላ ሚኒባስ ማጠብ ይቀርልኛል ብሎ በልቡ ተስፋ አድርጎ ነበር።

አስቸጋሪው ሽማግሌው ናቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠዋት እየመጡ እስኪመሽ ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም። በመጀመሪያው ቀን ግን አንድ ነገር አስጠንቅቀውታል።

"የግራውን በር አትንካው።"

"እንዴት ጋሼ? የሹፌሩ በር እኮ ነው። መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።"

"አትንካው አልኩህ። ሌላውን እንዳሻህ አድርግ።"

ኑሪ አልተከራከረም። ሌላው አካሏ ሲያበራ ሲያዩ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ ብሎ ተወው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ኮፈኑም ከጎማዎቹ በላይ ያሉት ፓራፋንጎዎቹም የኋላ ክዳኑም የቀኝ በሩም አልቀው ነበር። ከእንጦጦ በኩል ደመና ወርዶ ሱቁ ጨለም ብሏል። ቀይዋ መኪና ግን በዚያ ጭጋግ ውስጥ እንኳን ከራሷ ብርሃን የምትሰጥ ትመስላለች። የግራ በሯ ብቻ እንደ ነበረ ነው፤ ነጭ፣ የሞተ። ኑሪ ከዙሁር ሶላት ሲመለስ ጋሽ ሐብታሙ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ ሸለብ አድርጓቸዋል። ትንሽ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ጨርቅ ውኃ ነክሮ በሩ ፊት ቁጢጥ አለ። ቀለሙ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማየት ብቻ ነበር።

ውኃው ነጩን ሲያጥበው ከመያዣው ዝቅ ብሎ ጭረት ታየ። ጭረት ብቻ አልነበረም፤ ፊደል ነው። ትልልቅ፣ የተንሻፈፈ፣ በምስማር ተደጋግሞ የተጫረ። "ቤ"። ቀጥሎ "ዛ"። ከዚያ አንድ መስመር ወደ ታች ወርዶ፣ ድንገት ጎን ተስቦ ተቋርጧል።

"አትንካው ብዬህ ነበር።"

ኑሪ ዞረ። ጋሽ ሐብታሙ ነቅተዋል። የተቆጡ ግን አልመሰለውም።

"ይቅርታ ጋሼ። ላየው ብዬ ነው።" ጨርቁን አስቀመጠ። "የቤዛብሕ ጽሑፍ ነው?"

ሽማግሌው ወደ በሩ ተጠግተው ፊደሎቹን አዩ።

"ስድስት ዓመቱ ነበር" አሉ። "ፊደል የለየ ሰሞን ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ስሙን ይጽፍ ነበር። ግድግዳ ላይ፣ የዱቄት በርሜል ላይ። እናቱ ትስቅ ነበር። እኔ ደግሞ ይህቺን መኪና... በቃ፣ የሰው እጅ ሲነካት እንኳን አልወድም ነበር። ከሥራ ስገባ ምስማር ይዞ በሩ ሥር ቁጭ ብሏል። አየኝና ሳቀ። ሊያሳየኝ ነው። ‘አባባ እየው’ ነው ያለኝ።"

ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩት።

"በዚህ መታሁት። አንዴ ነው፤ ሁለተኛ አልደገምኩም። ግን ያኔ ቀኑን ሙሉ ብረት የምፈታበት እጅ ነው። ከጆሮው ደም ወጣ። ሆስፒታል አመላለስነው፤ አመረቀዘ። በዚያ ጆሮው ከዚያ ወዲህ አይሰማም።"

ኑሪ ቤዛብሕ ሲያናግረው ለምን ሁልጊዜ አንገቱን ወደ ግራ መለስ አድርጎ ቀኝ ጆሮውን እንደሚያቀርብለት አሁን ገባው። ኩራት መስሎት ነበር።

"በማግስቱ ገፍቼ ጓሮ ከተትኳት። ዳግመኛ አልነዳኋትም። በጉባኤ ፊት ቆሜ ተናዝዣለሁ። ጌታም ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ።" ድምፃቸው ወረደ። "ለሱ ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም።"

"ለምን ጋሼ?"

"እሱ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ዓመቱ ሲከማች ደግሞ ከየት ይጀመራል? ይህቺን በር ሳያት ግን አልረሳም። ለዚህ ነው አትንካት የምልህ። እኔ እስክሞት እንዲሁ ትሁን።"

ኑሪም የአምስት ዓመት ልጅ አለችው፤ አሪፋ ትባላለች። ስለሷ ማሰብ አልፈለገም። ተነስቶ ንፁሕ የሆነውን የኋላ ክዳን እንደገና መጥረግ ጀመረ።

ቤዛብሕ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። አቧራ የጠጣ ጫማውን እንዳደረገ በቀጥታ ከሥራ ነው የመጣው። መኪናዋን ሲያያት ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ኑሪ! ይህቺ እኮ ሌላ መኪና ናት።"

ዞሯት። ኮፈኑን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገ፤ መልኩን አየበት፣ ፈገግ አለ። በግራ በኩል ሲደርስ ፈገግታው ቀረ። በሩ በውኃ ከታጠበ ወዲህ ፊደሎቹ ከሩቅ ይነበባሉ።

"ይሄስ?" አለ።

"ይሄ እንዲሁ ይቀመጣል" አሉ አባቱ። "እኔ ነኝ ያልኩት።"

"አልሰማሁም።"

ጮክ ብለው ደገሙለት። ቤዛብሕ ራሱን ነቀነቀ።

"አይሆንም አባባ። ይጥፋ። ኑሪ፣ ይጠፋል አይደል?"

ኑሪ የቀለም ውፍረት መለኪያውን በሩ ላይ አስደግፎ ቁጥሩን አነበበ፤ ማንበብ ሳያስፈልገው መልሱን ያውቀው ነበር። "በፖሊሽ አይጠፋም። ብረቱ ድረስ ዘልቋል። ማጥፋት ካስፈለገ በሩ ተፍቆ፣ ስቱኮ ተመትቶ እንደ አዲስ መቀባት አለበት። ቀለም ቀቢ አውቃለሁ። ግን..." ለሱ ከባዱ ነገር ይኼ ነበር። "ቀለሙ ከሌላው ጋር መቼም አንድ አይሆንም። የጥንት መኪና የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል።"

"ይለየው። ቀቢውን ጥራልኝ።"

"ቤዛ፣ ተው" አሉ ጋሽ ሐብታሙ። "እኔ እያየሁት ልኑር ብዬ ነው።"

ቤዛብሕ ወደ አባቱ ዞረ። ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"እርስዎ እያዩት ራስዎን ይቀጣሉ። እኔስ? እኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው አባባ። ሚስት አለችኝ፣ ልጆች አሉኝ። ጓሮ በገባሁ ቁጥር ግን ያ ልጅ ነኝ። ሸራውን ሲያለብሱ አያለሁ፣ እናቴ ፊቷን ስታዞር አያለሁ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አንዳችሁም አትናገሩም። አንድ ቀን ጠርተው ያናግሩኛል ብዬ ስንት ዓመት ጠበቅኩ። መኪናዋን ላሠራት ያልኩት እኮ ለእሑድ ትርኢት አይደለም። ከዚያ ጓሮ ትውጣልን ብዬ ነው።"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ከመንገዱ ማዶ የታክሲ ረዳት "ፒያሳ! ፒያሳ!" እያለ ይጣራል። ኑሪ መውጣት ፈለገ፤ ለመውጣት ግን በሁለቱ መካከል ማለፍ ነበረበት። ባለበት ቆመ።

ጋሽ ሐብታሙ በልጃቸው ግራ በኩል ነበሩ። ከጀርባው በዝግታ ዞሩና በቀኙ መጥተው ቆሙ።

"ቤዛ።"

"አቤት።"

"ለብረት ብዬ ልጄን መታሁ። አንተ ምንም አላጠፋህም። ስምህን ነው የጻፍከው።" ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። "ይቅር በለኝ ልጄ።"

ቤዛብሕ አባቱን አላየም። ቀስ ብሎ በሩ ሥር ቁጢጥ አለና በሌባ ጣቱ ፊደሎቹን ከዳር ጀምሮ ተከተላቸው። የመጨረሻው መስመር ጎን የተሳበበት ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

"ሦስተኛዋ ላይ ነበርኩ" አለ። "ብ ልጽፍ። አንድ እግሯን ብቻ ነው የሠራሁት።"

ጣቱን ሳያነሳ ቀና አለ።

"ኑሪ፣ ቀጭን ካቻቢቴ አለህ?"

ኑሪ የተጠየቀው ገባው፤ ግን ያልገባው ሰው መስሎ ትንሽ ቆየ። ሦስት ቀን ሙሉ ጀርባው እስኪቆረጥ የሠራባት መኪና ናት። ደንበኛ ቀለበት አድርጎ እንኳን ሲጠጋት "እባክዎ ያውልቁት" ይላል። ሽማግሌውን አያቸው። ሽማግሌው ልጃቸውን ብቻ ነው የሚያዩት። ኑሪ የዕቃ ሣጥኑን ከፈተና ቀጭኑን መርጦ ሰጠው።

ካቻቢቴው ቀለሙን ሲነካ ጥርስ የሚያም ድምፅ አወጣ። የጋሽ ሐብታሙ ቀኝ እጅ ከጎናቸው ተነሳ። ኑሪ ሳያስበው አንድ እርምጃ ቀረበ። የሽማግሌው እጅ ግን ቤዛብሕን አልፎ ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ ኑሪ ጭረት የሚፈልግበትን የእጅ መብራት አነሱና አበሩ። ጉልበታቸውን እየደገፉ ጎንበስ አሉ፤ ብርሃኑን ልጃቸው የሚጽፍበት ቦታ ላይ ያዙለት።

"ከፍ ያድርጉልኝ" አለ ቤዛብሕ ሳይዞር።

ከፍ አደረጉ።

ሁለተኛው እግር ወረደ። ብ ቆመች። ቤዛብሕ ቀጣዩን ከመጀመሩ በፊት ትንፋሽ ወሰደ።

"የመጨረሻዋ ሐመሩ ሐ ናት" አሉ አባቱ። "ያኔ አትለያትም ነበር፤ በሀሌታው ነበር የምትጽፋት።"

"አዎ። እናቴ ናት በኋላ ያረመችኝ።"

ሲጨርስ ተነስቶ ወደ ኋላ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት የሕፃን፣ የኋለኞቹ ሁለት የጎልማሳ እጅ ነበሩ፤ ስሙ ግን ሙሉ ነው። ጋሽ ሐብታሙ መብራቱን አላጠፉትም። እጃቸው ስለዛለ ብርሃኑ በሩ ላይ ይወዛወዛል። ቤዛብሕ ክንዳቸውን ከሥር ደገፈላቸው።

ኑሪ ስልኩን አወጣ። "ቀለም ቀቢውን ልደውልለት?" አለ። "ነገ ጠዋት መምጣት ይችላል።"

ጋሽ ሐብታሙ ወደ ልጃቸው ዞሩ። በዚህ ጊዜ ውሳኔውን ከሱ ጠበቁ።

"ተወው" አለ ቤዛብሕ። "ዙሪያውን ብቻ ወልውልልኝ። ፊደሉን አትንካው። እሑድ ማን ጻፈው ብለው ከጠየቁ፣ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።"

ኑሪ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ንፁሕ ስፖንጅ ማሽኑ ላይ ገጠመ፤ ፍጥነቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጎ ከበሩ ጠርዝ ጀመረ።