ከሩዙ ሥር

ኢዳዬን ጨርሼ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣሁት ወደ መርካቶ ነው። ባሌ ቡርሃን ከሞተ ጀምሮ አራት ወር ከአሥር ቀን ቤት ተቀምጬ ነበር። ሶማሌ ተራ ያለውን የብርጭቆ መደብሩን በእነዚህ ወራት የያዙት ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ነስረዲን ናቸው።

የሄድኩት ፖስተሮቹን ላመጣ ነው። ቡርሃን የድሮ የስዊዘርላንድ የመጠጥ ማስታወቂያዎች ይሰበስብ ነበር፤ የፖም ጭማቂ፣ የማዕድን ውሃ፣ የሎሚ መጠጥ። የአልኮሉን አይገዛም። አንዳንዱ ቆሜ ደረቴ ጋ ይደርሳል። ሃያ ስድስቱ ከመደብሩ በላይ ባለው መጋዘን፣ አሥራ አራቱ ቤት ነበሩ። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ላይ ላደርጋቸው ፈልጌ ነበር። እሱ የተወልኝ ሌላ ነገር ብዙ አይደለም።

የጎን ባለሱቋ ማሂራ ወጥታ አቀፈችኝ። ዛሬ ወደ ላይ ባትወጪ፣ ደረጃው ይከብድሻል አለችኝ። እያወራች ዓይኔን አታይም ነበር።

ላይ ስወጣ ቡርሃን ፖስተሮቹን የሚያኖርበት መደርደሪያ የለም። ግማሹ ክፍል እስከ ጣሪያው ድረስ የሩዝ ከረጢት ተደርድሮበታል።

ጋሼ ነስረዲን ከኋላዬ መጡ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጄ ስለ ኢክራ፣ ስለ እንቅልፌ በዝግታ ጠየቁኝ። ፖስተሮቹ የት እንዳሉ ጠየቅኋቸው። የሲሚንቶ ወለል እርጥበት ይስባል አሉኝ፤ ነጋዴ ከሥሩ ሳያነጥፍ ሩዝ አያወርድም፤ ካርቶን ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል።

«የወንድሜ ወረቀት ግን ጠንካራ ነው» አሉ። «ከጀርባው ጨርቅ አስለጥፎበታል። አላህ ይዘንለት፣ ለዚህ ቀን ያሰበው ይመስላል።»

ጎንበስ አልኩ። ከታችኛው ከረጢት ጠርዝ ፖስተር ላይ የተሳለ የሴት እጅና ግማሽ ብርጭቆ ወጥቶ ይታያል። ሳብ ሳደርገው ወረቀቱ ከጨርቁ ላይ ተቀደደ።

«ተይው፣ ሰዓደት። አንዱ ሃምሳ ኪሎ ነው፤ በላዩ ስንት እንዳለ እያየሽ።»

ቤት ስላሉት ትንፍሽ አላልኩም። እሳቸው በመስኮቱ ደመናውን እያዩ፣ ከሰዓት ሌላ መኪና ሩዝ እንደሚያራግፍ ነገሩኝ። ከዚያ ባዶውን ወለል በእርምጃ ለኩት።

«አሥራ አራት ይበቃዋል» አሉ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። የማሂራ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ለኢክራ ደወልኩ። በሩን ቆልፊ፣ ለማንም አትክፈቺ ልላት ነበር።

«ጨርሰዋል እማዬ» አለችኝ። «አባባ ነስረዲን የላኳቸው ሰዎች ፖስተሮቹን አሁን ጭነው ወጡ። አንቺ እንደፈቀድሽ ነግረውኛል።»

ከላይ ወለሉ ሲጠረግ ይሰማል።