አትግፊ የሚለው ካርድ

ሩቲ ከሆሳዕና መጥታ ጅማ አቅራቢያ ባለችው የቡ ከተማ ጤና ጣቢያ ስትመደብ የአዋላጅነት ሙያዋን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። የማታውቀው ኦሮምኛ ነው። ከቡናው ማሳ መሀል የሚመጡ እናቶች ደግሞ አብዛኞቹ ከኦሮምኛ ሌላ አይሰሙም። እናም ቀኑን ሙሉ፣ «ፈየራ! ኧረ ና አስተርጉምልኝ!» ስትል ትውላለች።

ፈየራ የጤና ጣቢያው ነርስ ነው። አንድ ቀን ታከተውና ባዶ የጓንት ካርቶን አንስቶ በመቀስ ይቆራርጥ ጀመር።

«እኔ የሌለሁ ቀን ማንን ልትጠሪ ነው? በአንድ ፊቱ አማርኛውን፣ በጀርባው ኦሮምኛውን ጻፊ። አደራ፣ ጮክ ብለሽ ሳትመልሺ እንዳትገለብጪው። የሳትሽውን ለይተሽ አስቀምጪና በማግስቱ ከእሱ ጀምሪ» አላት።

ሩቲ የምትኖረው ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ተከራይታ ነው። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ የቡ ስትሄድ ካርዶቿን ታገላብጣለች። አንድ ቀን ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ኤሳ ሲ ዱኩባ?» ብትል፣ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ማለት ነውና፣ አጠገቧ የተቀመጡት እናት ደንግጠው፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ አልሃምዱሊላህ!» አሏት። ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪው ሁሉ አስተማሪዋ ሆነ።

አንድ ካርድ ግን እምቢ አላት። «ግፊ» ዲቢ ነው፤ «አትግፊ» ደግሞ ሂንዲቢን። ቀስ ስትል ይዋጣላታል፤ ስትቸኩል ግን «ሂን» የምትለዋ ጉሮሮዋ ውስጥ ትቀራለች።

«እሷን ከዋጥሻትማ ሴትዮዋ ትገፋለች!» ይሏታል እኚያው እናት። ሩቲም ትስቅና ካርዱን ከሳተቻቸው ጋር ትመልሰዋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፈየራ በአምቡላንስ ሕመምተኛ ይዞ አጋሮ ሆስፒታል ሄደ። የቀሩት ባልደረቦቿም ለክትባት ገጠር ወጥተው ነበር። ምጥ የጠናባት ወላድ በአማቷ ተደግፋ የገባችው ይኼኔ ነው። ሁለቱም ከኦሮምኛ ሌላ አያውቁም።

ሩቲ ጓንቷን አጠለቀች። ካርዶቹ ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው፤ ቦርሳዋ ደግሞ ሌላ ክፍል። «ጌታ ሆይ» አለች በልቧ።

«ዲቢ!» ስትላት ወላዷ ገፋች። የሕፃኑ ጭንቅላት ወጣ። ሩቲ በጣቷ ስትዳስስ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። እሱን እስክታወልቅ ድረስ እናትየው መግፋት የለባትም፤ እሷ ግን ትንፋሿን ሰብስባ ልትገፋ ነው።

«ሂንዲቢን!» አለች ሩቲ። «ሂንዲቢን! አፉራ ባፈዱ!» ተንፍሺ ማለቷ ነበር።

ወላዷ ዓይን ዓይኗን እያየች ቁና ቁና ተነፈሰች፤ አልገፋችም። ሩቲ እትብቱን በጣቷ ሳብ አድርጋ በጭንቅላቱ በኩል አወለቀችው።

«አማ ዲቢ!» አለቻት፤ አሁን ግፊ።

ሴት ልጅ ወጣች። ሩቲ ጀርባዋን በጨርቅ አሸት አሸት ስታደርጋት ክፍሉን በጩኸት አናወጠችው። አማትየው ሩቲን ከነጓንቷ አቅፈው ግንባሯን ሳሟት።

ፈየራ ሲመለስ ሩቲን በረንዳው ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተዘርግታ አገኛት። ፊቷ በርቷል።

«ሰው መጥቶ ነበር እንዴ? ታዲያ ማን አስተረጎመልሽ?»

«ሻይ አምጣልኝና እነግርሃለሁ» አለችው፤ «ስኳሩን በደንብ አስደርግበት።»