ሰባት ቤት ቆጣሪው

ዳኛው የሚባለው ሰው በእንፍራንዝ ዙሪያ የታወቀ ዘር ቆጣሪ ነበር። ልጅ የሚያጋባ ሁሉ እሱን ይጠራል፤ እሱም «እነዚህ በአምስት ቤት ይገናኛሉ» ካለ ነገሩ አለቀ፣ ጋብቻው ይቀራል። ከሰባት ቤት ወዲህ የተዛመደ አይጋባማ። ስንቱን ወጣት እንዲህ እያለ አንጀቱን አሳርሮታል! ያ ሰው ዛሬ የገዛ ልጁን የአበቡን ዘር ቁጠር ሲባል በላብ ተጠመቀ።

ሊያጩአት የመጡት ለክንዱ ነው። ክንዱ ሸጋ ልጅ ነው፣ ቤተሰቦቹም የተመሰገኑ ናቸው፤ ግን ዘራቸው የሚመዘዘው ከአዲ አርቃይ ነው። ዳኛውን ያስጨነቀው ይኸው ነበር። አበቡን ያመጣት ከዚያው ነዋ። ጣሊያን በወጣ ማግስት ለጨው ንግድ ሄዶ ሳለ፣ በሕመም ከደከመች እናቷ እጅ በጨቅላነቷ ተቀበላት። በጡት ልጅ ወግ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አጠባት፣ ልጄ ናት ብሎ ማለ። ሚስቱ ወለላም ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ የወለደች አስመስለው ለአገሩ አወሩ። ወለላ ከሞተች በኋላ ምስጢሩ ለእሱ ብቻ ቀረ።

የክንዱን ሰባት ቤት ሽማግሌው መሪጌታ አለነ ቆጥረው ጨረሱ። ተራው የዳኛው ሆነ። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ጠራ። አንደበቱ እንደ ወትሮው ሲፈታለት ለራሱም ገረመው። እንዲሁ ቢጨርስ ማንም አይጠረጥረውም። ግን ክንዱ ወንድሟ ቢሆንስ? የአጎቷ ልጅ ቢሆንስ? አራተኛው ላይ ቆመ።

መሪጌታ የረሳ መስሏቸው፣ ለሰው ሲሆን እንዲህ አትደናቀፍም ነበር ብለው ቀለዱበት። ሰዉም ሳቀ።

«የቆጠርኩት የኔን ነው» አለ ዳኛው ቀና ሳይል። «አበቡ የጡት ልጄ ናት።»

ሳቁ ቀጥ አለ። የማን ልጅ ናት ብለው ጠየቁት። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፣ ዳኛውም ስለ መሐላው፣ ስለ ወለላ ልጅ ማጣት ያወራ ጀመር። መሪጌታ አቋረጡትና የአባቷን ስም ብቻ እንዲናገር አዘዙት።

«አላውቀውም» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የአገሩን ዘር በቃሉ የያዘ ሰው፣ ለገዛ ቤቱ ልጅ አንድ ቤት እንኳ መቁጠር አቃተው። ሽማግሎቹ ዘሯ ሳይታወቅ ለክንዱም ሆነ ለሌላ ልትዳር እንደማትችል ተናግረው፣ የቀረበላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ ወጡ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉን ስትሰማ የነበረችው አበቡ ብቅ አለች። አላለቀሰችም።

«አባየ፣ የወለደችኝ እናት ምንም አልነገረችህም?»

«ልትነግረኝ ነበር። የአባትሽን ስም፣ እሷ ያወጣችልሽንም ስም እንድይዝላት ብላ እጄን ጨበጠች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

ዳኛው ሊዋሽ አሰበ፤ ግን ለዛሬ የተረፈው ውሸት አልነበረም። ስሙን ካወቀው አንድ ቀን ባለቤቱ መጥቶ የሚወስዳት መስሎት ነበር። ያን ጊዜ ፍቅር ነው ብሎት ነበር፤ አሁን ሲያስበው ስርቆት ሆኖ ታየውና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ዝም በይ አልኳት። አልሰማም ብዬ ተነሣሁ።»

አበቡ ነጠላዋን አጣፋች። ስትናገር ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ መንገድ ላይ ላገኘችው ለማንኛውም ሽማግሌ የምትናገረውን ያህል።

«አያ ዳኛው» አለችው፣ «የአዲ አርቃይ መንገድ በየት በኩል ነው?»